ለደመናዋ የሰጠሁት ትንበያ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ደመናዎች ስለ እኛ ስለ ሰዎች ትንበያ ሊጠይቁ መሥሪያ ቤታችን ደጅ ተሰልፈው አየሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ምን ይዤ እንደ ተኛሁ ልናገር። የአየር ትንበያ በኢንተርኔት በሚያቀርብ አንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ጥያቄ እመልሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የምጠየቀው ተመሳሳይ ነው። «ስልኬ ፀሐይ ነው ይላል፣ እኔ ግን እየበሰበስኩ ነው፤ ማንን ልመን?» «ትናንት ለቅዳሜ ዝናብ ብላችሁ ዛሬ ለምን ፀሐይ አደረጋችሁት?» «ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ብርድ ሊገድለኝ ነው፤ ገጻችሁ ለምን የሐዋሳን ሙቀት ያሳየኛል?» ከሁሉም የሚበዛው ግን የመቶኛው ነገር ነው። ለእሱ በቃሌ የያዝኩት መልስ አለኝ፦ «አርባ በመቶ ማለት፣ ያን ቀን የመሰሉ መቶ ቀኖች ቢኖሩ በአርባዎቹ ይዘንባል ማለት ነው።» ይህን መልስ ሰምቶ ረክቶ ስልኩን የዘጋ ሰው አላጋጠመኝም።

ትናንት ማታ የደወሉልኝ ግን ደንበኛ ሳይሆኑ አጎቴ ነበሩ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ምንጃር ውስጥ ጤፍ አምራች ናቸው። ጤፋቸው ታጭዶ ተከምሯል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፤ ደቦ ተጠርቶ ጠላው ደርሷል። የቀረው ሰማዩ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ዝናብ አይጠበቅም፤ ዘንድሮ ግን እዚህም እዚያም ያልታሰበ ዝናብ እየጣለ የስንቱን ክምር አበስብሷል።

«አንተ የዝናቡ ሰው፣» አሉኝ፣ «ነገ ልውቃ ወይስ ልተው?»

«ሃያ በመቶ የዝናብ ዕድል አለ፣ ጋሼ።»

«ሃያውን ለደንበኞችህ ንገር። እኔ የእናትህ ወንድም ነኝ። ልውቃ ወይስ ልተው?»

ክምሩ ከፈረሰ፣ ጤፉም አውድማው ላይ ከተነጠፈ በኋላ ዝናብ ቢመጣ የዓመቱ እህል ከእበቱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም «ይውቁ» አልኳቸው። ረዘም አድርገው መረቁኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ምርቃቱ ደረቴ ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተቀመጠ።

በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። እንደ ግቢው ሰው ሁሉ እኔም ቧንቧውን ከፍቼ፣ የጎማውን ጫፍ ክፍሌ ውስጥ ባለው ባዶ በርሜል ከትቼ ጋደም አልኩ። ውሃው ሲመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል ብዬ ነው። ሃያ በመቶውን እያሰብኩ ስገላበጥ ቆይቼ እንቅልፍ የወሰደኝ ወፍ ሊንጫጫ ሲል ነበር።

እናም ሰልፉን አየሁ። ከደጃችን ተነሥቶ እስከ አደባባዩ ይደርሳል። ነጩም ጥቁሩም ደመና ተራውን ይዞ ቆሟል። ተራ አስከባሪው ነፋስ ነበር፤ ግን እጁን አጣጥፎ ዳር ቆሟል፤ ከነካቸው ይበተናሉ። እኔ ከመስኮቱ በስተጀርባ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን የሰማዩን ሁኔታ ትቶ የሰዉን ያሳያል። «ሰበታ፦ ጠዋት ኩርፊያ፣ ከሰዓት በኋላ እርቅ። ደሴ፦ አልፎ አልፎ ሳቅ። ባቱ፦ ከነጎድጓዳማ ከበሮ ጋር የተቀላቀለ ከባድ ሠርግ።»

መጀመሪያ የቀረበችው ትንሽ ነጭ ደመና ነበረች።

«ስልኬ ሰዎቹ ልብስ አላሰጡም ይላል፣» አለችኝ። «ወርጄ ሳይ ገመዱ ሙሉ ነው። ማንን ልመን?»

«ገጹን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺው፣» አልኳት።

ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ደመና ስልኩን መስኮቱ ላይ ወረወረው። «እኔ ያለሁት ጅማ ላይ ነው! ለምንድን ነው የጅግጅጋን ሰዎች የምታሳዩኝ?»

«መገኛህን አስተካክል።»

«መገኛ ቢኖረኝ ደመና እሆን ነበር?» ብሎኝ እየተንጓጓ ሄደ።

አለቃዬ በዚህ መሀል በኋላዬ አለፈ። አለቃዬ ቴርሞሜትር ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱን በብብቱ ይዞ ጥቂት ቆየና፣ አውጥቶ ብርሃን ላይ ተመለከተው፤ «ትኩሳት የለብኝም» ብሎ ወንበሩ ላይ መለሰው።

ሦስተኛዋ በዕድሜ የገፉ፣ ሰፊ፣ ጥቁር ደመና ነበሩ። ወገባቸውን ይዘው እያነከሱ ቀረቡ። ከሥራቸው ጠብ ጠብ ይላል፤ በነጠላቸው ጫፍ ያብሱታል።

«እንደምን አደርክ፣ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ምን ልታዘዝ?»

«ይህን ውሃ ከባሕር ጀምሬ ተሸክሜዋለሁ። አሁንስ ወገቤን ቆረጠኝ። ምንጃር ላይ ላራግፈው አስቤ ነበር። የወንዳፍራሽ አውድማ፣ ሰው ይኖርበታል ወይስ አይኖርበትም?»

ስክሪኑን አየሁ። «ምንጃር፦ የመውቃት ዕድል አርባ በመቶ» ይላል።

«አርባ በመቶ ነው፣ እማማ።»

«አርባ በመቶ ስትል? ከመቶው ሰው አርባው ይወቃል ማለትህ ነው?»

«አይደለም።»

«ጤፉን አርባ እጁን ወቅተው ሌላውን ይተዉታል?»

«እሱም አይደለም። ያን ቀን የመሰሉ መቶ ቀኖች ቢኖሩ...»

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ ያለኝ አንድ ቀን ነው።»

ከኋላቸው የተሰለፉት ሁሉ አጉረመረሙ፤ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ።

«አምና እንዲሁ ሠርግ የለም ብላችሁኝ ሞጆ ላይ አራገፍኩት፣» አሉ እማማ። «ለካ ዳስ ተጥሏል። ሙሽራዋ ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። እኔ ክፉ አይደለሁም። መሸከም ያቃታት አሮጊት ነኝ። እናንተን ብጠይቅ ሰው ላይ እንዳልጥለው ብዬ ነው።»

«ሰው አለ!» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። «አርባ በመቶ» አለ አፌ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ። «አርባ በመቶ።» አለቃዬ ከሩቅ ሆኖ ጣቱን እየነቀነቀ፣ «እዚህ ቤት አለ ወይም የለም አይባልም!» አለኝ።

«እንግዲያው ሄጄ በዓይኔ አያለሁ፣» አሉ እማማ። «ተነሥና አድርሰኝ።»

ታክሲ ተራ ሄድን። ታክሲዋን ተሳፋሪዎቹ ተሸክመዋት ነበር። እኔም ከኋላ ጎማ ሥር ገብቼ ትከሻዬን ሰጠሁ። እማማ ገብተው ሲቀመጡ መስኮቶቹ ሁሉ ጉም ለበሱ። መንገድ ዳር ዣንጥላዎች ሰዎችን በላያቸው ዘርግተው ፀሐዩን ይከላከላሉ። ሹፌሩ አሥሬ «ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!» እያለ ይጮኻል፤ እኛም ከሥር፣ «ትንሽ ወደ ፊት ይጠጋ!» እንለዋለን። አጠገቤ የተሸከመው ሰው ላቡን ጠረገና፣ «ዛሬ ክብደቷ አልቻል አለ፤ ማን ነው የገባው?» አለኝ።

«ደመና ናቸው፣» አልኩት።

«ደመና ቀላል ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም።»

እማማ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «ፍጠኑ፣ ልጆቼ። እያመለጠኝ ነው።»

ታክሲዋን ከትከሻችን ስናወርዳት ምንጃር ነበርን። ክምሩ ፈርሷል፤ ጤፉ አውድማው ላይ ተነጥፏል። በሬዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠላ ይጠጣሉ። ደቦውን የጠሩት እነሱ ናቸው። የሰፈሩ ሰዎች ጎን ለጎን ተጠምደው ጤፉን እየረገጡ ይዞራሉ፤ አጎቴም ከመሀል ናቸው። ቦራ የሚባለው የራሳቸው በሬ ዋንጫውን እንደ ያዘ፣ «ሆ በል፣ ወንዳፍራሽ! ዙር የኔ ጌታ!» እያለ ያበረታታቸዋል።

«ጋሼ!» ብዬ ጮኽኩ። «ዝናብ ሊመጣ ነው! ቶሎ ሰብስበው ይክደኑት!»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቀና ብለው አዩኝ። አፋቸው ጭድ ሙሉ ስለ ነበር መልስ አልሰጡኝም። የመለሰልኝ ቦራ ነው።

«ምን ያስጮህሃል? ይውቁ ያልከን አንተ አይደለህ?»

«መጀመሪያ ሃያ በመቶ ብያለሁ።»

«የመጀመሪያውን ማን ይሰማል? የሰማነው የመጨረሻውን ነው።» ጠላውን ተጎነጨና አፉን በምላሱ ጠረገ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እያላችሁ ትተርቱብናላችሁ። እኛ እኮ አንተን የጠየቅነው ገደሉን ልናይ ብለን ነው።»

በዚያው ቅጽበት አውድማው ጨለመ። ሽቅብ ብመለከት እማማ ከታክሲዋ ወጥተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግተዋል። አንድ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ሌላዋ ጋሽ ወንዳፍራሽ ጀርባ ላይ ወደቀች። አጎቴ ደነገጡ፤ ግን ቀንበሩ ይዟቸዋል፤ ዙሩንም አላቋረጡም።

«እማማ፣ እዚህ አይሁን!»

«ሰው አለ ወይስ የለም ብዬ ጠየቅሁህ። አልነግርም አልክ።»

«አርባ...» ምላሴን ነከስኩት። ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ መቶኛውን ወደ ውስጥ መለስኩት። አነቀኝ፤ ዓይኔ እንባ አዘለ። ከዚያ ተፈናጥሮ ወጣ። «አለ! ሰው አለ! ጤፉም አለ! ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ይህን ነው! ሌላ የላቸውም!»

ጠብታው ቆመ።

«ጎሽ፣» አሉ እማማ። «እንዲህ ሲናገሩ ይገባኛል። ታዲያ የት ልውሰደው? መልሼ ባሕር እንዳላደርሰው አቅም የለኝም።»

ያን ጊዜ በርሜሌ ትዝ አለኝ።

«ኮተቤ ይውሰዱት! እኔ የተከራየሁበት ግቢ። ሰው ሁሉ ቧንቧ ከፍቶ የሚያድርበት ነው። ማንም አያማዎትም፤ እልል ብለው ነው የሚቀበሉዎት።»

«እልል የማለት ዕድላቸው ስንት ነው?» ብለው አሾፉብኝ።

«መቶ በመቶ።»

ቦራ ዋንጫውን አስቀመጠ። በሬዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «መቶ አለ፣» ተባባሉ በሹክሹክታ። «በገዛ አፉ መቶ አለ።» እማማ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ጠብ እንዳይልብኝ» እያሉ በቀስታ ተነሡ። ከሥራቸው ፀሐይ ብቅ አለች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጭዱን ተፍተው ሳቁ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሲነሣ ታወቀኝ፤ አየሩን በሙሉ ሳንባዬ ሳብኩት። እማማ ኮተቤ ደርሰው ሸክማቸውን ሲያራግፉ፣ የውሃው ድምፅ እዚያው አውድማው ዳር እንደ ቆምኩ ተሰማኝ።

ድምፁ ግን አላቆም አለ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ረፍዷል። ሻ የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። «ዝናብ! ጤፉ!» ብዬ ከአልጋዬ ስዘል እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ገባ። መስኮቱን በርግጄ ከፈትኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የጥጥ ያህል ደመና የለበትም። ዞር ስል በርሜሉ ጢም ብሎ ሞልቶ በዙሪያው ይገነፍላል፤ ጫማዎቼ ተራ በተራ ወደ በሩ ይንሳፈፋሉ። ግቢው ውስጥ አንዲት ጎረቤት «ውሃ መጣ!» እያለች እልል ትላለች።

አከራዬ እትዬ ዘርፌ ግን እልል አላሉም። በሩን በቡጢ ይደበድባሉ። «ታምሬ! ኧረ አንተ ታምሬ! የአገሩን ዝናብ የሚናገር ሰው የገዛ ቤቱን ጎርፍ አያውቅም? ምንጣፌን ጨረስከው እኮ!»

«መጣሁ፣ እትዬ!» ብዬ ወደ ቧንቧው ስራመድ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው። ቧንቧውን ረሳሁት።

«ጋሼ? ዘነበ እንዴ?»

«የምን ዝናብ? ሰማዩ መስታወት መስሏል። ጤዛው እንደ ረገፈ ጀመርን፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ተወቅቶ እህሉ ጎተራ ሊገባ ነው። ነፋሱም ተስማምቶናል። ልመርቅህ ብዬ ነው የደወልኩት።» ከኋላቸው አንድ ሰው «ሆ በል፣ ቦራ!» ይላል።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እግሮቼን ውሃው ውስጥ እንደ ነከርኩ ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁ፣ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል? ደግሞ ምንድን ነው የሚንሿሿው? እዚያ ይዘንባል እንዴ?»

«አዎ፣ ጋሼ። እዚህ ብቻ።»

«እሱንስ ስንት በመቶ ብለኸው ነበር?»

ባልዲዬ ጫማዎቼን ተከትላ በአጠገቤ አለፈች።

«መቶ፣» አልኳቸው።