በባቡር የመጣች ክራር

ሰው ዕቃን የሚያከብረው በዕቃው አይደለም፤ በመጣበት መንገድ ነው። ይህን የምለው ተማርሬ አይደለም። እናንተም ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከጎረቤት ሸክላ ሠሪ የተገዛው ገንቦ ጓዳ ይቀመጣል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ሳህን ግን፣ ማንም በልቶበት ባያውቅም፣ መስታወት ያለው ቁም ሣጥን ተገዝቶለት እንግዳ ፊት ይኖራል። ሁለቱም አፈር ናቸው። አንደኛው መርከብ ተሳፍሯል።

ሰሞኑን በሰፈራችን ጊታር ያነገቱ ወጣቶች በዝተዋል። አንዳንዶቹ ደጄ ተቀምጬ ሲያዩኝ ቆም ብለው ያወሩኛል። «ስኬል» ይላሉ፣ «ሞድ» ይላሉ፣ ቅኝት ማለታቸው ነው፤ ፊታቸው ላይ ሒሳብ የወደቀ ተማሪ ሐዘን አለ። እኔም ነገሩ ከባድ እንዳልሆነ፣ የሐዲድ እንጨት መርገጥ የሚችል ሰው ሁሉ እንደሚችለው እነግራቸዋለሁ። አያምኑኝም። እነሱ ያውቃሉ። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ልንገራችሁ። እኔ ይህን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ሚስት ስፈልግ ነው።

ዘመኑ ባቡር አዳማ ከገባ ዐሥር ምናምን ዓመት የሆነበት፣ ከተማዋም ገና ናዝሬት ያልተባለችበት ነው። ከተማ ስላችሁ አትሳቱ፤ ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ቡፌ የምንለው የአንድ ግሪክ ምግብ ቤት፣ ጥቂት የቆርቆሮ ጣራ፣ የቀረው አቧራና ግራር ነበር። እኔ እዚያ የደረስኩት በእግሬ ነው። አባትና እናቴን የኅዳር በሽታ ወስዷቸው አጎቴ ጋ አደግሁ፤ አጎቴም ሲሞት የቀረኝ ክራሩ ብቻ ሆነ። በመንገድ ላይ የበላሁትንና ያልበላሁትን አልዘረዝርም። ያልበላሁት ይበዛል።

በሐዲድ ጥገና ሥራ ተቀጠርኩ። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ብረትን እንዴት እንደሚያደርገው የነካ ያውቀዋል፤ ቆዳ ይዞ ይቀራል። አለቃችን ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። ባቡሩ መጀመሪያ ሲመጣ ከከብቶቻቸው ጋር ቆመው ካዩት በኋላ፣ «ይህ አውሬ ሣር አይበላም፤ እንግዲያ ከእኔ ጋር ጠብ የለውም» ብለው ሥራ የገቡ ሰው ናቸው።

ሥራ ስንፈታ ድካሜን ለመርሳት ክራሬን እቃኝ ነበር። ጉዴ የመጣው ከዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ብረት ስሸከም ያየኝ ሰው፣ አንዴ ክራር ይዤ ሲያየኝ ብረቱን ረሳው። «አዝማሪው» ተባልኩ። በዚያ ዘመን አዝማሪ ማለት ሰርግ ላይ የሚፈለግ፣ ሰርጉ ሲያልቅ የሚረሳ፣ በር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። ይስቁበታል፣ ያለቅሱበታል፤ ልጅ ግን አይሰጡትም።

እኔ ደግሞ ልጅ ፈለግሁ።

አስካለ የአቶ ደስታ ልጅ ናት። አቶ ደስታ የሐዲድ መለወጫውን ዘንግ የሚስቡ ሰው ነበሩ፤ ባቡር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያልፈው እሳቸው ሲስቡለት ነው። ይህም ሥራ ባቡሩ የሚታዘዛቸው መስሎ እንዲሰማቸው አድርጓል። አስካለ ምሳቸውን ይዛ ስትመጣ በእኛ መካከል ታልፋለች። አንድ ቀን ቆም አለችና፣

«ትናንት የተጫወትከው አላለቀም። ለምን አቆምክ?» አለችኝ።

«ጅማቱ ተበጠሰ።»

«እንግዲያ ቀጥለው» ብላ ሄደች።

ይኸው ነው። ሌላው ከዚህ የበለጠ ተብሎለት አግብቶ ይሆናል። ለእኔ በቃኝ።

ኦቦ ገመዳን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ። የሆነውን በኋላ እሳቸው ነገሩኝ።

«ሠራተኛ ነው፤ አይጠጣም፣ አይጣላም» አሉ ኦቦ ገመዳ።

«ክራር አለው?» አሉ አቶ ደስታ።

«አለው።»

«ልጄን ለአዝማሪ ከምሰጥ ለባቡሩ ብሰጣት ይሻለኛል።»

«ባቡሩማ ጂቡቲ ሚስት ሳይኖረው አይቀርም።»

አቶ ደስታ አልሳቁም። አንድ የሞጆ ጨርቅ ነጋዴ ልጅቱን ጠይቋቸዋል፤ መስቀል ሲያልፍ እሺ ይሉታል። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ኦቦ ገመዳ ግን የከብት ገበያ ሰው ናቸው፤ ገበያ ላይ የመጀመሪያው «አይሆንም» ሰላምታ ነው። «ቤቱን ቃኝቼ ወጣሁ» አሉኝ። «ፋኖሱ በባቡር የመጣ ነው። ጃንጥላው በባቡር የመጣ ነው። ያቺ የማትሠራው ሰዓት እንኳ በባቡር የመጣች ናት። በዚያ ቤት በእግሩ የመጣ ነገር ክብር የለውም። የአንተ ጥፋት ክራር መምታትህ አይደለም፤ በእግርህ መምጣትህ ነው።» ቀጥለውም «ያቺ ግሪኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የፈረንጅ ክራርስ?» አሉ።

ጊታሯን ማለታቸው ነው። አንድ መንገደኛ ቡፌው ውስጥ ረስቷት ሄዶ ነበር። ባለቡፌው ሙሴ ስታቭሮ ይባላል፤ ፈረንጅን ሁሉ ሙሴ የምንልበት ጊዜ ነበር። ውሃ እንድቀዳለት ተስማምተን፣ ከሥራ ስወጣ እንድነካካት ፈቀደልኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት ማንኛውም ክራር መቺ የሚያደርገውን ነው። ክሮቿ ስድስት ናቸው፤ የእኔ ክራር አምስት ነው፤ ስለዚህ አንዱን ትርፍ ነው ብዬ ፈታሁት። የቀሩትን በትዝታ ቃኘኋቸው። አንገቷ ላይ የተጋደሙትን ቀጫጭን ብረቶች ጌጥ ናቸው ብዬ ተውኳቸው። ሙሴ ስታቭሮ ድምፁን ሲሰማ ሽንኩርት የሚከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘ ከጓዳ ወጣ።

«ምን አደረግሃት?»

«ቃኘኋት።»

«ገደልሃት!»

ቢላዋውን አስቀምጦ ክሩን መለሰ፤ ከዚያም የሚያውቃትን አንዲት ነገር አሳየኝ። ክሩን በአንዱ ብረት ላይ ስትጫነው ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል፤ በሚቀጥለው ላይ ሌላ ትንሽ። ይኸው። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ልታሻግር ብትፈልግ ቆም ብለህ ታጠብቃለህ፣ ታላላለህ፤ ጨዋታው ይቀዘቅዛል፣ ሰካራሙም ጠብ ያነሳል። ክራር ቤቱን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። በጊታር ቤቱ እንደቆመ ነው፤ ሰውየው ክፍል ይለውጣል።

ግን የትኛውን ብረት ልጫን? ድምፁ ቀጥኖ ወደ ራሱ እስኪመለስ ድረስ አሥራ ሁለት ናቸው። ሁሉንም በተራ ስጫን የታሰረች ፍየል ጩኸት ሆነብኝ። ክረምቱ ደግሞ እየገፋ ነው። መስቀል እንደሆነ ለማንም ብሎ አይዘገይም።

መልሱን ያገኘሁት ሥራ ላይ ነው። ሐዲድ ስትፈትሽ የምትሄደው ሐዲዱ በተጋደመባቸው እንጨቶች ላይ ነው፤ ሁሉንም ግን አትረግጥም፤ አንዳንዱን ትዘላለህ። አንድ ቀን በአፌ ትዝታ እያንጎራጎርኩ ስሄድ እግሬ ከዜማው ጋር መሄድ ጀመረ። ዜማው ትንሽ ከፍ ሲል ሁለት እንጨት፣ ዘለግ ሲል ሦስት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ ሁለተኛው እንጨት ላይ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይጠብቀኛል። ከሥራ ስወጣ ሮጬ ሄጄ ጣቶቼን በአንዱ ክር ላይ እንደ እግሬ አራመድኳቸው። ትዝታ ወጣ። ሌሎቹ ክሮች ጎን ለጎን የተዘረጉ ሐዲዶች ናቸው፤ አካሄዱን አንዴ ካወቅህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው።

ጓደኞቼ ሦስት ላይ ስደርስ ስዘል ሲያዩኝ «ፀሐይ መታው» አሉ። መዝለሌን ቀጠልኩ።

ባቲ ግን አስጨነቀኝ። ለእሱ ሌላ አካሄድ ስፈልግ ከረምኩ። አንድ ቀን ትዝታዬን እየረገጥኩ ከመጨረሻዋ ማረፊያ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ኦቦ ገመዳ ጠሩኝና ቆምኩ። ተነጋግረን ስንጨርስ ከቆምኩበት ጀመርኩ፤ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፤ ወደዚያችው ድምፅ ተመልሼ አረፍኩ። ከአፌ የወጣው ባቲ ነው። (ባቲም ትዝታም ከአንድ በላይ ዓይነት እንዳላቸው የምታውቁ አትቆጡኝ፤ እኔ የምላችሁ በእግሬ የመጡልኝን ነው።) እንጨቶቹ ያው ናቸው። አንድም አልተነቀለም፣ አንድም አልተጨመረም። የተለወጠው ቤቴ ነው ብዬ የማርፍበት ቦታ ብቻ ነው።

ለኦቦ ገመዳ ስነግራቸው አልደነቃቸውም። «ከብትም እንዲሁ ነው» አሉ። «ሁሉም በአንድ መንገድ ነው የሚመጣ። ላሟ የማን እንደሆነች የምታውቀው የምታድርበትን ደጅ አይተህ ነው።»

መስቀል ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦቦ ገመዳ አቶ ደስታን «አዲስ የፈረንጅ ነገር መጥቷል» ብለው ወደ ቡፌው አመጧቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው፣ የባቡር ቆባቸውን ደፍተው መጡ። ሼፍ ደጋሩም፣ የጣቢያው ሹም ማለት ነው፣ እዚያው ተቀምጧል፤ ጭነት ተሸካሚዎቹም በመስኮት ያያሉ። እኔ ወንበር ተሰጠኝ። በር አጠገብ ሳይሆን መሐል ቤት። ኦቦ ገመዳ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «አፍህን እንዳትከፍት። አዝማሪ የሚታወቀው በአፉ ነው» አሉኝ።

አፌን ዘግቼ መታሁ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። አቶ ደስታ መጀመሪያ እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙ። ቀጥለው አጎነበሱ። ቀጥለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይህች ዜማ የየት አገር ናት?» ብለው ሙሴ ስታቭሮን ጠየቁት።

እሱም እኔን አየኝና «ሩቅ» አለ።

«ፈረንጅ እንዲህ ሆድ ያውቃል? አስለቀሰኝ እኮ! ደስ የሚል ነገርስ የለውም?»

ማረፊያዬን ለወጥኩና ሞቅ አደረግሁት። መጀመሪያ የአቶ ደስታ ጉልበት ተነቃነቀ። ጃንጥላቸው ወደቀ። ከዚያ ትከሻቸው ተነሳ፤ ቆባቸውም ወደቀ። ሼፍ ደጋሩ አጨበጨበ፤ መስኮቱ ላይ ያሉት አፏጩ። አቶ ደስታ ቆመው፣ ትከሻቸውን እያርገፈገፉ መሐል ቤት ከደረሱ በኋላ ድንገት ቀጥ አሉ።

«አቁም!»

አቆምኩ።

«ይህን ትከሻዬ ያውቀዋል። ምንድነው?»

ፈረንጅ ነው ማለት እችል ነበር። ኦቦ ገመዳ ዓይናቸውን ወደ ጣራው ሰቀሉ። እኔ ግን አስካለን በውሸት ካገኘኋት ዕድሜዬን ሙሉ አፌን ዘግቼ መኖሬ ነው።

«ባቲ ነው፣ ጌታዬ።»

«የቅድሙስ?»

«ትዝታ።»

«ክሩን አላጠበቅህም እኮ! እያየሁህ ነበር።»

«ያው መንገድ ነው፣ ጌታዬ። ማረፊያውን ነው የለወጥኩት።»

«ያው ሐዲድ?»

«ያው ሐዲድ።»

አቶ ደስታ ዙሪያውን አዩ፤ ሼፍ ደጋሩን፣ ኦቦ ገመዳን፣ መስኮቱን የሞሉትን ፊቶች። ሁሉም ሲያለቅሱ አይቷል፤ ሁሉም ሲጨፍሩ አይቷል። በአዝማሪ አለቀሰ፣ በአዝማሪ ጨፈረ የሚለው ወሬ በማግስቱ ባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ሊገባ ነው። ይህን ሲያስቡት ፊታቸው ላይ አነበብኩ። መለወጫውን ዘንግ ሊስቡ እንደሆነም ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ቆባቸውን አንስተው አራገፉና ደፉት።

«ይህ ልጅ ሙዚቀኛ ነው!» አሉ፣ መስኮቱ ጋ ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብለው። «ማነው አዝማሪ ያለው?»

ያሉት እሳቸው ነበሩ።

አስካለን አገባሁ። ክራሩ ቤታችን እንዳይገባ አዘዙ፤ አስካለም «እሺ አባባ» ብላ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከእህሉ ጀርባ አስገባችው። በሰርጋችን ቀን አንድ ማሲንቆ መቺ በር አጠገብ ተቀምጦ ሲጫወት፣ አማቴ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ይህ ትዝታ ይባላል። የእኛ አገር ነው፤ አንተ አይገባህም» አሉኝ። «እየሰማሁ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ጊታሯ ብዙ አልቆየችም። ባለቤቷ አስታውሶ ተመልሶ መጣና በመጣችበት ባቡር ይዟት ሄደ። ያንን ባቡር መስመሩን ለውጠው ያሳለፉት አማቴ ራሳቸው ናቸው፤ በመስኮቱ ስትታይ ቆባቸውን አነሱላት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ወባ ጣላቸው። እኛ ቤት ተኝተው ሳለ አንድ ቀን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ያቺን የፈረንጇን እስቲ ተጫወትልኝ» አሉ። እኔና አስካለ ተያየን። እሷ ከእህሉ ጀርባ ገብታ ወጣች። ነጠላውን ፈታሁ፤ ጅማቶቹን ቀስ ብዬ ቃኘሁ። የክራርንና የጊታርን ድምፅ ሕፃን ልጅ ይለየዋል። ስቃኝ የሰማም ሁሉ ያውቀዋል፤ ጊታር እንዲያ አይቃኝም።

ተጫወትኩ። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ፈረንጅ እኮ ሆድ ያውቃል» አሉ።

«አዎን፣ አባባ።»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ሙዚቀኛው» አሉኝ፤ «በሩን ዝጋውና ድገመው።»

ዘጋሁት።