ከምስር ወጥ ጋር የሚሄድ ወይን

መጽሐፍ የሚወድ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ የማያውቀውን ነገር የሚያውቅ ሰው ከመጠየቅ ይልቅ ማንበብ ይቀለዋል። መጽሐፍ «ይኸን ሳታውቂ ነው እዚህ የደረስሽው?» አይልም። ቅንድቡንም አያነሣም። ሰውየው ዓይን አፋር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ጎረቤት ደጅ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ» ከማለት ሦስት መቶ ገጽ ማገላበጥ ይመርጣል። እኔ ይህ አመል አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኮትኩቶ፣ ዲግሪ አስይዞ፣ ከነአመሌ ወደ መካነ ሰላም መልሶኛል። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ። ፋይል አያናግርም። ተስማምተናል።

እናቴ ባለፈው ሚያዝያ ሞተች። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር የቻልኩት በቅርቡ ነው፤ ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ብዙ አንቁም።

እናቴ የጽዋ ማኅበርተኛ ነበረች። አሥራ ሁለት ቤት ናቸው፤ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ በየተራ አንዱ ቤት ይደግሳል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸለያል፣ ሰው ይታማል፣ እንደገና ይጸለያል። የእናቴ ተራ ኅዳር ነው። ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። ማኅበርተኛ ሲሞት ስሙ ከደብተሩ ወዲያው አይፋቅም፤ ተራው እስኪደርስ ይጠበቃል። ያን ቀን ከቤቱ ሰው ጽዋውን ካወጣ የሟቹ ስም እንዳለ ሆኖ ከጎኑ የተተኪው ይጻፋል፤ ካላወጣ ይሰረዛል። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የምንላቸው ጋሽ ተገኘ፣ መስከረም ላይ ይህንኑ ሊነግሩኝ ቤት ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ማንም አይፈርድብሽም፤ ካልቻልሽ አልቻልኩም ትያለሽ፣ አለቀ» አሉኝ። ሰውየው ሊያቀሉልኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የላጲስ ድምፅ ብቻ ነው።

ችግሩ ጠላው ነው። የእናቴ ጠላ ስም ያለው ነበር። ከወግዲ ለገበያ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ቀኑን አስልተው በማርያም ማግስት ብቅ ይሉ ነበር። ዐምና ኅዳር ላይ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ሁለት ቀን ፈቃድ አግኝቼ መጥቼ ነበር። ሁለት ዋንጫ ጠጣሁና ራሴን ሞቅ አለኝ። «እማ፣ ዘንድሮስ ከሁሉም በለጠ!» አልኳት። እስክታስል ድረስ ሳቀች፤ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ያን ቀን ከማኅበርተኞቹ በዕድሜ የሚበልጡትን እማሆይ ብርቄን ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መነኩሲቷ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ አጥሩ እየተንገዳገዱ፣ መሐል መንገድ ላይ መዝሙር ጀምረው ሲያበቁ ግጥሙ ጠፍቷቸው፣ «የናትሽ ጠላ ገደለኝ!» እያሉ ሄዱ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

እኔ ታዲያ ይህን ጠላ ከየት ላምጣ? ጥቅምት ላይ ከስልኬ አንብቤ ሞከርኩ። ጌሾውንም፣ ብቅሉንም፣ አሻሮውንም በተጻፈው ልክ አደረግሁ። የወጣው ነገር ግን ሆምጣጤ ነበር፤ ያውም ቂመኛ ሆምጣጤ። አተላውን የቀመሰች የጎረቤት ዶሮ ሦስት ቀን እንቁላል አልጣለችም።

የዶሮዋ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ናት። አጥር ለአጥር ነን። እስላም ናት፤ እናቴ ክርስቲያን፤ ሃያ ዓመት እሳት ሲዋዋሱ፣ ልጅ ሲቆጣጠሩ፣ የዒድ ጎመንና የፋሲካ ዳቦ ሲለዋወጡ የኖሩ። ዶሮዋን ታቅፋ መጣችና የጠላውን ጋን አሸተተች። «የኔ ዓለም፣ እኔ ቀሪቦ ልሥራልሽ?» አለችኝ። ቀሪቦ እንግዲህ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚሠራ፣ መልኩ ቁርጥ ጠላ፣ ግን የማያሰክር መጠጥ ነው፤ እስላሞች በሰርግና በዒድ ይጠጡታል። እኔ የተማርኩት ሴት ምን አልኩ? «እትዬ፣ ለማኅበር እኮ ነው! የእናቴን ጠላ በቀሪቦ ልተካ?» አልኳት። አፏን ከፈት አደረገች፤ መልሳ ገጠመችው። «አብሽሪ፣ አላህ ያግዝሽ» ብላ ዶሮዋን ይዛ ሄደች። ያን አፍ መከፈት ልብ ብዬ ብሆን ይህን ወግ አልጽፍም ነበር።

ከጠላ ሻጭ መግዛትም ይቻል ነበር። ግን የእናቴን ጋን በሰው ጠላ ልሙላው? ስለዚህ አሰብኩ፤ ማሰብ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አደገኛ ነው። ቃና ዘገሊላ ላይ ጌታ ውኃውን ምን አደረገው? ጠላ አደረገው? ወይን ነው ያደረገው! እንዲያውም ወይን ይከብራል እንጂ ያንሳል? አንድ ጊዜ እንዲህ ካልኩ በኋላ ማን ይመልሰኝ? ስለ ወይንና ምግብ ማጣመር ያገኘሁትን ሁሉ ሦስት ቀን አነበብኩ። ቀይ ወይን ከቀይ ሥጋ፣ ነጭ ወይን ከዓሣ ጋር ይሄዳል ይላል። የኅዳር ማርያም ጾም ላይ ናት። ስለ ምስር ወጥ የጻፈ ሰው የለም። ይህን ክፍተት ልሞላ ተነሣሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ባለሱቅ፣ ጋሽ ደመቀ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በሳሙናና በሻማ መካከል፣ ሦስት ዓይነት ርካሽ ወይን አለው። አቧራቸው ዕድሜያቸውን ይናገራል። እኔ ሱቅ ውስጥ የሞባይል ካርድ ስገዛ እንኳ ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ። በጣቴ ሳሳይ እሱ ጮክ ብሎ፣ «ነጩን ነው? ጣፋጩን ነው? ደረቁን ነው?» አለ። ስኳር የምትገዛ ሴት ዘወር አለች። «ሁሉንም» አልኩ። ጋሽ ደመቀ ጠርሙሶቹን በጥቁር ፌስታል እያደረገ፣ «ታድለሽ፣ ሽማግሌ ሊላክብሽ ነው መሰለኝ!» አለ። እንደ ሚጥሚጣ ቀላሁ። ማኅበር ነው እንዳልለው «ምነው ጠላ ጠፋ?» ይላል። ፌስታሉን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ማታ ድረስ በከተማው ውስጥ ሦስት ጊዜ ታጨሁ።

ቅምሻውን ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሬን ዘግቼ፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ ጀመርኩ። ቡሽ መክፈቻ የሚባል ነገር በሰፈሩ ስለሌለ ቡሹን በማማሰያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ግማሹ ተሰባብሮ ወይኑ ላይ ተንሳፈፈ። የሚያውቁት ሰዎች «ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቅረብ» ይላሉ። የየትኛው አገር ክፍል? የመካነ ሰላም ክፍል በኅዳር ማቀዝቀዣ ነው። እነዚሁ ሰዎች በሲጋራ፣ በቆዳና ቼሪ በሚባል ፍሬ ሽታ ይለኩታል። ቼሪ አይቼ ስለማላውቅ የራሴን ጻፍኩ።

ጣፋጩ ቀይ፦ የልጆች የሳል ሽሮፕ። ከምስር ወጥ ጋር ሲገናኝ በርበሬው ይበረታል፣ ስኳሩ ይበረታል፤ መሐል ላይ ያለው ምላስ ነው የሚጎዳው። ነጩ፦ ዝናብ ያገኘው ድርቆሽ ይሸታል። ከድንች አልጫ ጋር ግን እንደ ሁለት ዓይን አፋሮች ናቸው፤ አይነጋገሩም፣ አይጣሉም። ደረቁን፣ ስኳር የሌለውን ቀይ፣ መጀመሪያ ስቀምሰው ኮሶ የሰጡኝ መሰለኝ። ከሽሮ ጋር ደገምኩት። ሦስተኛውን ጉንጭ ስውጥ ከመጨረሻው ላይ አንድ ነገር መጣ። የተቆላ ገብስ። ትንሽ አረር ያለው፣ ትንሽ ጭስ ያለው። አሻሮ ስትቆላ የምታስረው የእናቴ ሻሽ ሽታ ነበር።

ደብተሬ ላይ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ጠርሙሱን አቅፌ አለቀስኩ። በወይን ጠጅ ቅምሻ ሥነ ሥርዓት ውስጥ ይህ ይፈቀድ አይፈቀድ አላነበብኩም። ብቻ ወይኑ ተመረጠ።

ማኅበሩ ደረሰ። ድንቹን ከነጩ፣ ሽሮውንና ምስሩን ከደረቁ ቀይ ጋር እንዲሆን አድርጌ፣ ብርጭቆዎቹን ደርድሬ፣ ወለሉን እያየሁ የጥምረቱን ምክንያት አስረዳሁ። ከኋላ ያሉት እንዳልሰሙኝ ርግጠኛ ነኝ። እማሆይ ብርቄ ግን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ማን ተራ ያስይዛቸዋል?» አሉኝ። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ቄሱ ጽዋውን ሊባርኩ ተነሡ፤ ቀዩን ወይን አይተው ትንሽ ዘገዩ። ባረኩ። ሰው ሁሉ ቁርባን የቀረበ መስሎት፣ ከቅዳሴ ልማዱ የተነሣ ቆሞ ቀረ። የሚቀመጥ ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ ተገኘ፣ «ኧረ ቁጭ በሉ፣ የጋሽ ደመቀ ወይን ነው!» አሉና ተቀመጡ።

ጠጡ። ፊታቸውን አየሁ። አንድም ፊት አልተጨማደደም። ጋሽ ተገኘ ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ወደ ጓዳው በር አንድ ጊዜ ተመለከቱና፣ «የናትሽ እጅ አለበት» አሉ። «አለበት! አለበት!» አለ ቤቱ በሙሉ። ደብተሩ ወጣ። ከእናቴ ስም ጎን የእኔ ስም ተጻፈ። ጽሕፈታቸው ዘመም ያለ ነው፤ የእኔ ስም የእሷን ስም የተደገፈ ይመስላል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጓዳ ገባሁ። እትዬ ዘሀራ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ ሳህን ታጥባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ጮክ ብዬ፣ «እትዬ፣ ሰማሽ? የእናትሽ እጅ አለበት አሉኝ! ወይኑ እኮ በትክክል የእሷን ጠላ ያስታውሳል፣ እኔም ቀምሼ...» አልኳት።

ሳህኑን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ያው ሳቅ ሳያቋርጥ ልቅሶ ሆነ። «ያረቢ! የእኔንም እኮ እንዲሁ ነበር የሚሉት» አለች።

አልገባኝም። ገባኝ። ደግሞ እንዲነገረኝ ቆምኩ።

«ሁለት ኅዳር ሙሉ ቀሪቦ ነው የጠጡት» አለች። «የእናትሽ እጅ አብጦ ነበር፤ ከጋን ሥር ጎንበስ ካለች መነሣት አቃታት። እኔ ቀሪቦውን ሠራሁ፣ በጋኗ ገለበጥን። የመጀመሪያውን ዋንጫ ጋሽ ተገኘ ጨለጡና በጓዳው በር ወደኔ አዩ። አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ‹ያው የእጇ ነገር!› አሉ። ሙሴው እንዲህ ካሉ ማን ይናገራል? እናትሽ ‹ለልጄ ትነግሪና አልምርሽም› ብላኝ ነበር። ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብላ። አሁን ይኸው ነገርኩሽ፤ አላህ ይማራት፣ እሷም ትማረኝ።»

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይላሉ። በየሳምንቱ ስደውል «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ወደ ማንበቢያ ክፍሌ እመለስ ነበር። አሥራ ሁለት ቤት ያወቀውን ሕመም ልጇ አላወቅሁም። መጥቼ፣ ያንኑ ቀሪቦ ጠጥቼ፣ ራሴን ሞቅ ብሎኝ፣ «ዘንድሮስ በለጠ» ብያታለሁ። ያ ሁሉ ሳቅ ለካ በእኔ ነበር። በነጠላዋ የሸፈነችው ሌላ ነገር ይሁን ሳቅ ብቻ፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም። ደረቁ ቀይ ውስጥ ያሸተትኩትስ ምን ነበር? የተቆላ ገብስ ካልኩ የእትዬ ዘሀራም ገብስ ሊሆን ይችላል።

ያን ማታ እትዬ ዘሀራ ከቤቷ የተረፈ ቀሪቦ በጆግ አመጣችልኝ። ከምስር ወጥ ጋር ጠጣሁት። ተስማሙ። ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። እማሆይ ብርቄ፣ ዐምና በቀሪቦ ያን ያህል የተንገዳገዱት ሴትዮ፣ ዘንድሮ እውነተኛ ወይን ጠጥተው እንደ ጦር ቀጥ ብለው ነው የሄዱት፤ ክንዴን ስሰጣቸው እንኳ «ተይኝ» ብለውኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይን አፋርነቴን ዋጥ አድርጌ፣ መጽሐፍ ሳልገልጥ፣ ሰው ጠየቅሁ። ዐምና ቀሪቦ መሆኑን እያወቁ ነው ወይ የተንገዳገዱት አልኳቸው።

መቋሚያቸውን አስተካከሉ። «እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር እኮ» አሉ። «ቀጥ ብዬ ብሄድ ምን ይሰማት ነበር?»

ወይኑንስ እንዴት አገኙት አልኳቸው። ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ።

«ላንቺም ልንገዳገድልሽ አስቤ ነበር፣ ልጄ» አሉ፤ «ዘንድሮ ጉልበቴን አሞኝ ነው እንጂ።»