የጨዋታ መሥሪያ መራጭ ኮሚቴ

ተረት ልንገራችሁ፤ የሰማ ይሳቅ፣ ያልሰማ ይጠይቅ። ድሮ ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ እመት ጃርት የምትባል ባለ ብዙ ልጅ እናት ነበረች። ልጆቿ ሥራ ሲፈቱ ወደ ገበሬው የድንች ማሳ ይሾልካሉ። አንድ ቀን ትንሹ ልጇ ከገበሬው ውሻ ጥርስ ለጥቂት አመለጠ። የእናት አንጀት አይችልምና እያለቀሰች ወደ አራዊት ሸንጎ ሮጠች።

«ጌቶቼ፣ ልጆቻችን ጨዋታ መፍጠር ይማሩ። በኮምፒውተር የጨዋታ መሥሪያ አለ ይባላል። ለጀማሪ የሚመቸውን ምረጡልንና እዚሁ ደጃችን ይዋሉልን» አለች።

ሸንጎው አጨበጨበ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ አያ ዝሆን፣ አባላቱ አያ ጅቦና እመት ጦጣ ሆኑ። የመሥሪያው ዓይነት ብዙ ነው። አንዱ ትእዛዝ ይጻፍልኝ ይላል፣ ሌላው ባለቀለም ጡብ እንደ መገጣጠም ነው።

«ለጀማሪ መመቸቱን የሚያውቀው ጀማሪ ነው። እኛ ደግሞ ምንም አናውቅም፤ ስለዚህ እኛው እንሞክረው» አለ አያ ዝሆን። እውነቱን ነበር!

ከዚያማ ምኑ ይወራል! አያ ዝሆን ወንበር ላይ የተቀመጠ የማይነሣበት ጨዋታ ሠርቶ ደጋግሞ አሸነፈ። አያ ጅቦ ሥጋ የማያልቅበት ሠርቶ ስክሪኑን ላሰ። እመት ጦጣ የሁለቱንም ሰርቃ «የራሴ ናቸው» አለች። ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ሆነ።

እመት ጃርት በየጠዋቱ «ጌቶቼ፣ ተመረጠ?» እያለች ትመላለሳለች። «ጥናት ላይ ነን!» ይሏታል፣ ዓይናቸውን ከጨዋታው ሳይነቅሉ። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። ድንቹ እየደረሰ፣ ውሻውም ማሳውን እየዞረ ነውና አንጀቷ አረረ።

አንድ ቀን ከጉድጓዷ ብቅ ብትል ልጆቿ የሉም። ክው አለች። ወደ ማሳው ልትሮጥ ስትል ከኮሚቴው አጥር ሥር ሳቅ ሰማች። የጫካው ልጅ ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ ሆዱን ነፍቶ ጉቶ ላይ ተቀምጧል፣ አንዱ ድንጋይ ይልሳል፣ የቀሩት ባለ ጉቶውን «ጌታዬ፣ ተመረጠ?» እያሉ ያዋክቡታል። እሱም «ጥናት ላይ ነን!» እያለ ማምለጥ አለበት፤ አፉን አዳልጦት «አዎ» ካለ ከወንበሩ ይወርዳል። እመት ጃርት እሾኋ እስኪረግፍ ሳቀች። ድንች ትዝ ያለውም አልነበረም።

አያ ዝሆን ጫጫታው ረብሾት ወጣ። ቆሞ አየ፤ ኩምቢውን እያወዛወዘም ሳቀ።

«እሰይ! እንዴት ያለ ጨዋታ ነው! በየትኛው መሥሪያ ሠራችሁት? በሉ ንገሩኝ፣ አሁኑኑ እሱን እንመርጣለን!»

እመት ጃርት የሳቅ እንባዋን ጠርጋ እጅ ነሣች።

«በእናንተ ነዋ፣ ጌታዬ። ለጀማሪ እንዲህ የሚመች አልተገኘም።»