ያልበረረ ጣራ

ሰው ጣራ ሲያይ የሚፈራው መውደቁን ነው። እኔ ግን አናጢ ነኝና የምፈራው መነሳቱን ነው። ግድግዳ የሌለው መጠለያ ነፋስን እንደ እንግዳ በአንድ በኩል ተቀብሎ በሌላው ይሸኛል፤ መውጫ የከለከሉት ነፋስ ጣራውን ከሥር ይገፋል። እንግዳ አክባሪ አገር ይህን ለመረዳት አይቸገርም ትሉ ይሆናል። ተሳስታችኋል።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ለሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር ለሚለው፣ ለለቅሶ መቀመጫ እንዲህ ያለ መጠለያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ብዬ፣ ጣራውን የተሸከመውን ወራጅ ከምሰሶው ጋር በብረት እንሰረው ስል ለመንኩ። የቅሬው ዳኛ አብዬ መኮንን ሳቁብኝ።

«አብሽር ልጄ! ጣራ ክንፍ የለው። ሚስማር ምታበት፤ ከላይ ድንጋይ እንጭንበታለን።»

ተጫነ። ሽማግሌ አይከራከሩትምና ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድኩ። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ግን መዶሻዬን ጥዬ ወደዚያ አያለሁ።

በየካቲት አንድ ለቅሶ ላይ የከሰዓት ፀሐይ የሽማግሌዎቹን ዓይን ወጋ። የሟች ዘመዶች አዝነውላቸው በምዕራብ በኩል ከዳር እስከ ዳር ሸራ ወጠሩ። ወዲያው ከአቀስታ በኩል ያ የምፈራው ክፉ ነፋስ ተነሳ። በምሥራቅ ገባ፤ ሸራው ጋ ሲደርስ መንገድ አጣ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል፣ እኔ አንጋጥጬ ሚስማር እቆጥራለሁ። ወራጁ ከምሰሶው የጣት ያህል ተነሳና ተመለሰ። ከላይ ድንጋዮቹ ተንኳኩ። ከሥራቸው የተቀመጡት ማን ይመስሏችኋል? አብዬ መኮንን።

«ያረቢ፣ አብዬ! ሸራው ይውረድ!» አልኩ።

«ቁጭ በል! ሰው እያለቀሰ?»

አልተቀመጥኩም። ሄጄ ሸራውን ከላይ እስከ ታች በቢላዬ ቀደድኩት። ነፋሱ በቀዳዳው ወጣ፤ ጣራው ረጋ። ፀሐዩ ሽማግሌዎቹ ፊት ላይ አረፈ፣ የሽማግሌዎቹ ዓይን ደግሞ እኔ ላይ።

ቅሬው ተሰብስቦ፣ ለቅሶ አውከሃል ብሎ ቀጣኝ፦ ሸራውን እንድሰፋ፣ ከዚያም ለየለቅሶው ራሴ እንድወጥረው። የብረቱን ነገር ዳግመኛ ሳነሳ አብዬ መኮንን ከዘራቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ይኸው ጣራው! የት ሄደ?»

ቢበር ኖሮ ምስክር ሞልቶኝ ነበር። ባለመብረሩ ሸራ ሰፊ ሆንኩ። ቅጣቴንም ተቀብዬ፣ መርፌ ገዝቼ፣ ሸራውን አሳምሬ ሰፋሁት።

ነፋስ በሚበጥሰው ቀጭን ክር።