መቀመጥ የተከለከለበት ድንኳን

በአገራችን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑን ሳይከድን የሚያድርባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ማኅሌት አለ፤ ሠርግ አለ፤ ለቅሶ አለ፤ የጥርስ ሕመም አለ። የመጨረሻውን እግዜር ያርቅልን እንጂ የሦስቱን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ምን እንደሚለበስ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ መቼ «በሉ እንግዲህ» ብለው እንደሚነሡ ማንም ክፍል አስገብቶ አላስተማረንም። ታዲያ ባለፈው ጥቅምት የመቐለ ወጣቶች አምስተኛ ምክንያት ጨመሩልን። ከተማዋ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥዕል ስታይ፣ ግጥም ስትሰማና ስትጨፍር ታድራለች የሚል ወረቀት በየካፌው ተለጠፈ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉን ይናገራል፣ ሥርዓቱን ግን አይናገርም። ቁጭ ተብሎ ነው የሚታየው ወይስ ቆሞ? ለሠዓሊውስ ምን ይባላል፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ወይስ «እግዜር ያጽናህ»?

እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር ትቼ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ከደብረ ብርሃን መቐለ የመጣሁት ለአንድ ዓመት ሥራ ነበር፤ «እስቲ እዚህስ ነገሩ እንዴት ነው» ስል ለተብርሃን የምትባል የአገሩን ልጅ አገባሁና ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጎረቤት ግድግዳ ሲያፈርስ ለምን እንደሚያፈርስ ሳልጠይቅ ምሳ አይበላልኝም። ለተብርሃን «አንተ ሰው፣ መቃብር ውስጥ ገብተህም ጎንህ የተቀበረውን ማንነት ትጠይቃለህ» ትለኛለች።

አንድ ቤት ብቻ ነበር እግሬ አልሄድ ያለኝ። እሱን ሳልናዘዝ ብቀጥል ወጉ አይገባችሁም።

በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት አደይ ለምለም የሚባሉ ሴት ነበሩ። አደይ ማለት በዚህ አገር «እናቴ» ማለት ነው፤ ለእሳቸውም ልክ ነው። ትግርኛ አንዲት ቃል ሳላውቅ ስመጣ ቋንቋውን ያስተማሩኝ፣ ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምሳ በሳሕን ያመላለሱልኝ እሳቸው ናቸው። ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ እኔና ለተብርሃን ለእኅቴ ሠርግ ደብረ ብርሃን ነበርን። መንገዱም ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ፤ ሠርግ ሄደን ሁለት ዓመት ቆየን። ስንመለስ ሐዘን ያልገባበት ቤት አልነበረም። ቅዳሜና እሑድ ከቤት ቤት እየዞርን ለቅሶ ስንደርስ ከረምን። የአደይ ለምለም የመጨረሻ ልጅ ዳዊትም እንደሌለ ሰማሁ። ለሌላው ቤት ቃል አላጣሁም፤ እሳቸው ፊት ቀርቤ ምን እንደምል ግን ጠፋኝ። «የሚቀጥለው እሑድ እሄዳለሁ» አልኩ።

ለቅሶ ሲዘገይ ይከብዳል። በሳምንቱ ቢሄዱ «ሥራ ይዞኝ» ይባላል፤ በወሩ «አሞኝ ነበር» ይባላል፤ በዓመቱ ምን ይባላል? ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንድ ቀን ሮማናት አደባባይ ላይ መንገድ ሲሻገሩ ባያቸው ጊዜ ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማሰር ጀመርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማካካሻ ይሁነኝ ብዬ ነው መሰለኝ፣ መንገድ ላይ ድንኳን ካየሁ የማውቀውም ይሁን የማላውቀው ሳልገባ አላልፍም።

ወደ ሌሊታችን እንመለስ። የእኛ ሰዎች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላሉ። ለተብርሃን ግን አጥንቱን ትታ ወፍራሙን ጋቢ አከናነበችኝ። «ጥበብ ብርድ አይከላከልም» አለች። በጥድፊያው መነጽሬን ሌላው ኮቴ ኪስ ውስጥ ረሳሁት። ይህን ያዙልኝ፤ ጋቢውንም መነጽሩንም።

ሮማናት እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። በአንዱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ፊልም ይታያል። ከአንዱ በረንዳ ላይ አንዲት ልጅ ግጥም ታነብባለች፤ ከታች የታክሲ ረዳት «ዓዲ ሐቂ! ዓዲ ሐቂ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እሷ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር እሱ ስለሚገባ፣ አብረው የተለማመዱት ነው ብሎ ለሁለቱም ያጨበጨበ ሕዝብ ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሠዓሊ ስለ ውሃ ጥም ሊናገር ብሎ አርባ የሚያህሉ ቢጫ ጀሪካኖች ደርድሯል። እኔ ምስጢሩን ለመረዳት ዙሪያውን ስዞር ሦስት ሴቶች የራሳቸውን ጀሪካን አምጥተው ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጡ። «ቦቴው ስንት ሰዓት ይመጣል?» አለችኝ አንደኛዋ። ሠዓሊው ጥበብ መሆኑን ሊያስረዳት ሞከረ። «ይሁን፣ ጥበብም ይሁን» አለች፣ «እኔ ከዚህ ሰውዬ ቀጥዬ ነኝ።» ሰልፍ አይቶ ተራ አለመያዝ የእኛ ከተማ ሰው አይሆንለትም። እስቅ ነበር። ለካ የእኔው ተራ እየመጣ ኖሯል።

ለተብርሃን ከበሮ ሰምታ ወደ ጓይላው ጭፈራ ሄደች፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አደባባዩ ጋ ልንገናኝ ተስማማን። እኔ እያንዳንዱን ነገር «እንታይ እዩ እዚ?» እያልኩ፣ ማለትም ምንድን ነው ይህ እያልኩ፣ ስጠይቅ ከአደባባዩ ጀርባ ያለች ጸጥ ያለች መንገድ ላይ ደረስኩ። እዚያ ድንኳን ተተክሏል። ነጭ ሸራ፣ አንድ አምፖል፣ በረድፍ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች።

ልቤ ስንጥቅ አለ። ከተማው ሁሉ ሲጨፍር እዚህ ሰው ሞቷል፤ አንድም ሰው አልመጣላቸውም! ደጃፉ ላይ በማስቀመጫ የቆመ፣ በመስታወት የተለበጠ ነገር አየሁ። ያለ መነጽር ምኑ ይታየኛል፤ የሟቹ ፎቶግራፍ ነዋ! ጋቢዬን አስተካክዬ በአክብሮት እጅ ነሣሁት። ወደ ውስጥ ስገባ ጥግ ላይ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው የተከናነቡ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጠዋል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩና ከፊት ረድፍ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አሁን ማን እንደሞተ ማወቅ አለብኝ። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ነው የሞተው?» ተብሎ ይጠየቃል? በሌላ ጊዜ ሰው ሲያወራ ሰምቼ እደርስበታለሁ፤ እዚህ የሚያወራ የለም። የማወቅ ጉጉቴ እንደ ቁንጫ ይበላኝ ጀመር። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ጋቢ ለብሶ አንገቱን የደፋ ሰው በድንኳን ውስጥ ብቻውን ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ባለ ሐዘን ይመስላል። መጀመሪያ ካፖርት የለበሱ አንድ አዛውንት ገቡና እጄን ጨብጠው «ጽንዓት ይሃብኩም፣ አይዞህ ወንድሜ» አሉኝ። እኔ አይደለሁም ልል አፌን ስከፍት ሁለት ጎልማሶች ገቡ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ምን ልበል! ከዚያ ከፊልሙ የተመለሱት፣ ከግጥሙ የተመለሱት ድንኳን ውስጥ ሰው ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ መግባት ጀመሩ። ኦቾሎኒና ቆሎ የምትሸጥ ሴት ቅርጫቷን ይዛ ገባች፤ ለየሰዉ አንዳንድ እፍኝ በነጻ አዳረሰችና ተቀመጠች። በስምንት ሰዓት አደባባዩ ላይ ያጣችኝ ለተብርሃን ስትፈልገኝ መጣች። እኔን ከፊት ረድፍ ስታይ ደረቷን መታች።

«ውይ አምላኬ! ማን ሞተብን?»

«አላውቅም» አልኳት በሹክሹክታ።

አየችኝ። ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳር እንዲህ ነው።

አዛውንቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሟቹ ምንህ ነው?» አሉኝ። «እኔም እንደርስዎ ነኝ፣ ድንኳን አይቼ ነው» አልኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ስል «እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ነበሩኝ» አሉ። የካፖርታቸውን እጅጌ ዐይናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ያ ድንኳን ውስጥ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ለማን እንደሚያለቅስ ያጣም የለም። ከሩቅ የጓይላው ከበሮ ይሰማል፤ እዚህ ሰው ቀስ ብሎ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለዳዊት ነው፤ ሳሕኑን አንዳንድ ቀን ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ አንዲት ልጅ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር እየሮጠች መጣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ እንደ ዕንጨት ደርቃ ቀረች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ተነሡ! በእግዚአብሔር ተነሡ! ማን ተቀመጡ አላችሁ?»

ሁላችንም ዞረን አየናት።

«ሥራዬ ነው ይኼ! የሞተ ሰው የለም፤ ማለቴ...» ወደ ወንበሮቹ ጠቆመች። «ወንድሜ ዳዊት የሞተ ጊዜ፣ መርዶው የመጣው ከሰፈሩ ሁሉ መርዶ ጋር ነው። ድንኳን ተከልን። ሃያ አራት ወንበር ለምነን ደረደርን። ሁሉም የየራሱን ሐዘን ይዞ ተቀምጦ ነበርና ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሰው አልመጣም። እኔ የሠራሁት እሱን ነው። ባዶነቱ ነው ሥራዬ! አሁን ብርሃን ሲወጣ ፎቶ ሊነሣ ነው፤ አዲስ አበባ ለሚታየው ዐውደ ርእይ የሚመርጡት በፎቶው ነው። ስድስት ወር ሠርቼበታለሁ። አንቺስ አደይ፣ ጠብቂልኝ ብዬሽ!»

ጥግ ላይ ያሉት ሴት ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። አደይ ለምለም ናቸው።

መሬት ብትከፈትልኝ እገባባት ነበር። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሬን ሁሉ በጋቢዬ ጠረግሁት። ሌላውም ሰው እያጉረመረመ፣ ይቅርታ እያለ ይነሣ ጀመር።

«ተቀመጡ» አሉ አደይ ለምለም።

«አደይ!» አለች ልጅቷ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ደጁን ያየሁት እንዲህ ገብተው እንዲቀመጡ አልነበረም? ይኸው መጡ። አንቺ ጠብቂ ብለሽኛል፤ ልክ ነሽ። ግን እኔ የመጣን ለቀስተኛ ተነሥ ለማለት አፍ የለኝም።»

«ፎቶውስ?»

«ወንበሩ ባዶ ሆኖ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ፎቶ አያሻኝም።»

ልጅቷ ቆማ ቀረች። ስድስት ወሯ ፊቷ ላይ ይነበባል፤ አሳዘነችኝ፣ እውነቴን ነው። ብርሃኑ በሸራው በኩል መግባት ጀመረ። የካሜራው ሰው ካሜራውን ከፍ አደረገና አያት፤ እሷ በእምቢታ ራሷን ስትነቀንቅ ዝቅ አደረገው። ከኋላ ረድፍ አንድ ወንበር ተርፎ ነበር። ሄዳ ተቀመጠችበት፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቆሎ ሻጯ አቀፈቻት።

እኔ ወደ አደይ ለምለም ሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበረኝ፤ መግቢያ አለው፣ ምክንያት አለው፣ መደምደሚያ አለው። ጉልበታቸው ላይ ስደፋ አንዱም አልመጣልኝም።

«ወደይ፣ ልጄ ታደሰ» አሉኝ ራሴን እየዳበሱ፣ «ስትገባ ነው ያወቅሁህ።»

«ታዲያ ለምን አትቀመጥ አላሉኝም?»

«አንተን?» አሉ። «ታክሲ ውስጥ ጫማህን ስታስር ሦስት ጊዜ አይቼሃለሁ። ማሰሪያ ያለው ጫማ ግዛ ልልህ ነበር።»

አስለቅሰው አሳቁኝ። ለተብርሃን ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት።

ፀሐይ ወጥታ ድንኳኑ ሲነቀል ልጅቷን ረድተን ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደረብን። ደጃፍ ላይ የቆመውን፣ ሌሊት እጅ የነሣሁትን መስታወት ያነሣችው ለተብርሃን ነበረች። ፎቶግራፍ አልነበረም፤ ጽሑፍ ነው። መነጽር የለኝምና እያሾፈች በትግርኛም በአማርኛም አነበበችልኝ።

«እባክዎ አይቀመጡ። እነዚህ ወንበሮች ለቅሶ ላልደረሱን ሰዎች የተያዙ ናቸው።»

ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? የተያዘልኝ ቦታ ላይ ነው የተቀመጥኩት።