ጭቃ ውስጥ ስወድቅ የተነሳች ፎቶ

ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ልትጠይቁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ችግሩን ታውቁታላችሁ። ገና አረፍ ሳትሉ ስልኩን ያወጣል፤ እንደ እኔ የባሰበት ከሆነ ደግሞ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኛል። ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለም። ባሕር ታያላችሁ። ያንኑ ባሕር ከግራ በኩል ታያላችሁ። ያንኑ ባሕር ጀንበር ስትጠልቅበት ታያላችሁ። እናንተም ጨዋ ናችሁና አፋችሁ "አቤት ማማሩ!" ይላል፤ ልባችሁ ግን በጎቹ ገብተው ይሆን ወይ እያለ ቤቱን ያስባል።

እኔ ብርዳሟ መሐል ሜዳ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ክርስትና ፎቶ አነሳለሁ። ስለ ሞቃታማና ዝናባማ አገሮች ለዓመታት ሳስተምር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ ሙቀት ማለት ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ መቀመጥ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ፊሊፒንስ እርሻ ሲማር ቆይቶ የሚመረቅበት ጊዜ ደረሰና "ና እየኝ" አለኝ። ሄድኩ። ከአየር ማረፊያው ስወጣ መነጽሬም ሌንሴም እኩል አላባቸው። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ በሙሉ ጉም ናቸው፤ በኋላ ለእንግዶቼ "የአገሩ ጉም ነው" እያልኩ አለፍኩት እንጂ ጉሙስ የካሜራዬ ነበር።

ወንድሜ የሩዝ እርከን ወዳለበት ተራራ ወሰደኝ። ተራራው ከእግሩ እስከ አናቱ በድንጋይ ካብ ተደርድሯል፤ በየካቡ ላይ ውሃ ተኝቷል፤ በየውሃው ውስጥ ሰማይ ይታያል። እንዲህ ያለውን ነገር ሙሉውን ካላስገባሁ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አንድ ደግሞ ጨመርኩ። ለሦስተኛው መሬት አልነበረም።

እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ሩዝ ስታርም የነበረች አንዲት ሴት እየሮጠች መጣችና መጀመሪያ ካሜራውን ተቀብላ ካቡ ላይ አስቀመጠች፤ ቀጥላ እኔን ጎተተችኝ። የሆነ ነገር ትናገራለች። "አይዞህ እያለችኝ ነው?" አልኩት ወንድሜን። "ሩዙን ጨረሰው ነው የምትለው" አለኝ።

አገሬ እንደተመለስኩ በአንድ የገበያ ቀን የባለቤቴ አጎት ጋሽ ሸዋንግዛው ከልጃቸው ከአስካለ ጋር ቤታችን መጡ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከከተማው በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንዲት የገብስ ማሳ አለቻቸው። በየበጋው ይክባሉ፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ካቡን ገፍትሮ አፈሩን ይዞት ገደል ይገባል። ሦስት ክረምት እንዲህ ሆነ። የዚያን ቀን የመጡት ሊሰናበቱን ነበር ማለት ይቻላል፤ አስካለ ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ልትወርድ ቆርጣለች።

"ማሳዋንም ትቻታለሁ" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው መሬት መሬት እያዩ። "እኔ ብቻዬን ድንጋይ ስሸከም ልሙት?"

ባለቤቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ያዘነ ሰው ባሕር ያጽናናዋል ብዬ ይሆናል፤ አላውቅም። ብቻ ባሕሩ አለፈ፣ ዘንባባው አለፈ፣ አባትና ልጅ በትዕግሥት "ይበል" እያሉ ቆዩ። የጭቃዋ ፎቶ ስትመጣ ቶሎ ላሳልፋት ተጣደፍኩ።

"ቆይ! መልሰው" አሉ።

"ተበላሽታ ነው ጋሼ። ስወድቅ በድንገት የተነሳች ናት።"

"የወደቅከውን ማን ጠየቀህ? መልሰው ነው ያልኩህ።"

መለስኩት። ፎቶዋ ተንጋዳለች፤ እኩሌታዋ ጭቃ ነው። ጥግ ላይ ግን ካቡ ይታያል፤ ካቡ ላይ እንደ መስኮት የተተወ ክፍተት አለ፤ ከዚያ የወጣው ውሃ ከሥር በተነጠፈ ሰፊ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። ጋሽ ሸዋንግዛው ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሙ።

"ከላይ ያለው ውሃ በዚህ ብቻ ነው የሚወርደው?"

"አላስተዋልኩም ጋሼ።"

"ታዲያ እዚያ ድረስ ሄደህ ምን ስታይ ከረምክ?"

መልሱ የመጣው ከአስካለ ነው። "አባዬ፣ እኛ እኮ ካቡን ጥርቅም አድርገን ነው የምንደፍነው። ውሃው መውጫ ሲያጣ ነው የሚገፋው። እነሱ በር ትተውለታል። ሲወርድም አፈሩን እንዳይቆፍር ድንጋይ ላይ ይጥሉታል።"

ወዲያው ለወንድሜ ደወልን። በሩ ምን ያህል ይስፋ፣ ድንጋዩ እንዴት ይነጠፍ፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። "በሮቹን በአንድ መስመር እንዳታደርጓቸው፤ ውሃው እየተጠማዘዘ ይውረድ" አላት። ስልኩን ስትዘጋ ስለ ደብረ ብርሃን የተናገረ ሰው አልነበረም። "እስከ ክረምት ልይ" አለች ብቻ።

ፎቶዋን አሳትሜ በላስቲክ አሸግኩላቸው። ጎረቤት በደቦ ወጣ፤ እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ፤ የካብኩትን አስካለ እያፈረሰች እንደገና ትክበው እንደነበር ግን አልደብቃችሁም።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። በማግስቱ በጠዋት ቁልቁለቱን ወረድኩ። አንዱ ካብ ሆዱ ተነፍቷል። የቀሩት ቆመዋል። ውሃው ከበር ወደ በር እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ገብሱ ተኝቶ የነበረው ቀና እያለ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ኮፍያቸውን አውልቀው ውሃውን ያያሉ። አስካለ ዶማ ይዛ አንዱን በር ከቅጠል ታጸዳለች።

"ጉዞውስ?" አልኳት።

"የምን ጉዞ?" አለች፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከማዶ ያለ ገበሬ ቤቴ መጣ። የማላውቀው ሰው ነው። ፎቶ ሊነሳ የመጣ መስሎኝ ወንበር ሳመቻች እጁን አወናጨፈ። ድንቹ በዋግ እየተበላ አስቸግሮታል፤ የጋሽ ሸዋንግዛውን ካብ አይቷልና፣ ዋጉን ያሸነፈ አገር ካለ ሄጄ ፎቶ እንዳነሳለት ነው የመጣው።

"የቱ አገር ይመስልሃል?" አለኝ፣ እንደ ቅርብ መንደር።

ለእኔም እንደ ቅርብ መንደር ሆኖ ታየኝ መሰለኝ፣ የዓለም ካርታውን ከግድግዳው አውርጄ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ጫማውን አውልቆ ጠርዙ ላይ ተንበረከከና በጣቱ ይፈልግ ጀመር።