ለራዲያተር ያጠራቀምኩት ውሃ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። ይህን ያሉት አበው ጅቡቲ ኖረው እንደማያውቁ እኔ እመሰክራለሁ። እዚህ የማይነቅዝ ነገር የለም። የበር ማጠፊያ ዓመት ሳይሞላው ይዝጋል፣ ምስማር ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ዱቄት ይሆናል። ብረት በሚነቅዝበት አገር ዝምታ ምን ቤት ነው?

እኔ ቃል የማላበዛ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያሉኝንም ጥቂት ቃላት ለክፉ ቀን አስቀምጣቸዋለሁ። ባለቤቴ ይርገዱ ግን ክፉ ቀን ሲመጣም አታወጣቸውም ትለኛለች።

ነገሩ የጀመረው ከዶራሌ ወደብ ስመለስ ነው። በከባድ መኪኖች መሀል ተሰልፌ ሳለሁ ከአሮጌዋ መኪናዬ ኮፈን ስር እንፋሎት ተነሳ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ ውሃ የሚያመላልሱት ሁለቱ ጎማዎች ሙቀት አድርቋቸው፣ የላይኛው እንደ አሮጌ ጫማ ተሰንጥቋል። በጨርቅ አስሬ፣ እየቆምኩ ውሃ እያጠጣሁ ካርቲየ 1 ሰፈር ቤቴ ደረስኩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ወር አስቤበት እጠግናት ነበር። አሁን ግን የይርገዱ ታናሽ እህት አስካለ ከሁለት ቀን በኋላ ከድሬዳዋ በባቡር ትመጣለች። ሰባት ዓመት አልተያዩም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ “የኛ መኪና” እየተባለ ሲነገራት ኖሯል። በታክሲ የምንቀበላት ከሆነ እኔ ከቤት አልወጣም አለች ይርገዱ። አልወጣም ካለች ደግሞ አትወጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱንም ጎማ ፈትቼ ተሸክሜ ማዕከላዊ ገበያ ሄድኩ። ባለሱቁ የመኪናዋን ዓመት በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ። ዝም። በአረብኛ ጠየቀኝ። ዝም። በሶማልኛም ሞከረ። እኔ እንደሆንኩ በአራት ቋንቋ ዝም ማለት እችላለሁ። ሁለቱን አሮጌ ጎማ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩለት፤ አገላብጦ አየና ወንድሞቻቸውን አወጣልኝ። ጎማ ከጎማ ጋር ያለ አስተርጓሚ ይተዋወቃል።

ደጄ ላይ ኮፈኑን ስከፍት ጎረቤቴ ድሪር ወንበሩን ይዞ መጣ። ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ኖሯል፤ አማርኛው ከኔ ይበልጣል፣ ምክሩ ደግሞ ከአማርኛው ይበልጣል። የታችኛውን አስቀድም አለ፣ ጫፉን ሳሙና ቀባው አለ፣ ማሰሪያውን አጥብቀው፣ ኧረ አታጥብቀው አለ። የጫት ሰዓት ሲደርስ ምክሩ መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ቀና ብል ድሪርም የለ፣ ወንበሩም የለ። ሥራው የተቃናው ያኔ ነው። ሁለት ጣቴን ልጬ ሁለቱን ጎማ አሰርኩ።

የቀረው ውሃው ነው። የጅቡቲ የቧንቧ ውሃ ጨው አለበት፣ ራዲያተር ይበላል። የሚያውቅ ሰው ከቤት አየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ያጠራቅማል፤ እሱ እንደ ዝናብ ነው። የድሪር ማቀዝቀዣ የሚያንጠባጥበው ወደኛ ግቢ ነው። እኔም ከስሩ ቢጫ ጄሪካን አስቀምጬ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ለምንድን ነው የማይሞላው ብዬ መገረሜ አልቀረም፤ መገረሜን ግን ለማን ተናገርኩ? ለማንም።

ሄጄ ጄሪካኑን ሳነሳው እጄ ባዶውን ወደ ላይ በረረ።

“ውሃው?” አልኳት።

“የትኛው?”

“የጄሪካኑ።”

ይርገዱ ሻሿን ገለጥ አደረገች። ፀጉሯ ያበራል። በቧንቧው ውሃ ሳሙና አልይዝ ሲላት ያን ውሃ አግኝታ፣ ሦስት ሳምንት ስትታጠብበት ከርማለች። የተረፈውንም ያን ዕለት ጠዋት ለአስካለ ክብር ጨርሳዋለች።

“ለመኪና መሆኑን ነግረኸኛል?” አለች።

አልነገርኳትም።

“ሦስት ሳምንት ፀጉሬ እንዲህ ሆኖ ስታየው፣ አንዲት ቃል ተንፍሰሃል?”

አልተነፈስኩም። አይቼው ነበር እኮ። አምሮባትም ነበር። ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬው ነው።

ምን ይደረግ? መኪናዋን የቧንቧ ውሃ አጠጣኋትና በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት። በማግሥቱ ይርገዱ ዓይኗን ከሙቀት መቁጠሪያው ሳትነቅል ባቡር ጣቢያ ደረስን። ጎማዎቼ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም። አስካለ ወረደች፣ ተላቀሱ፣ ተሳሳሙ። ይርገዱ እየጎተተች መኪናዋ ፊት አቆመቻት፣ በሩንም ከፈተችላት፣ ጉሮሮዋንም ጠረገች። አስካለ መኪናዋን አላየቻትም።

“ይርጌ፣ ፀጉርሽን ምን ተቀብተሽው ነው እንዲህ የሆነው?”

ይርገዱ ወደኔ ዞረች። ጉዴ ድሬዳዋ ሊገባ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

“ባሌ በጠብታ ያጠራቀመልኝ ውሃ ነው” አለች።

አስካለ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ እንዲህ ያለ ባል አለ እንዴ በሚል አስተያየት። እኔስ ምን አልኩ? ዝም። እውነቱን ለመናገር ያቺኛዋ ዝምታ አልነቀዘችም።

አሁን ከማቀዝቀዣው ስር ያለው ጄሪካን የይርገዱ ነው። ራዲያተሯም ጨው ከቀመሰች ወዲህ ማንጠብጠብ ስለጀመረች፣ በየሳምንቱ ለልመና እቀርባለሁ። ያለ ቃል አይቀዳም ተብሏል። ባለፈው ሳምንት “ፀጉርሽ አምሮብሻል” አልኳት። ጥቂት አሰበችና፣ ለሁለት ቃል ይበቃሃል ብላ ሩብ ጄሪካን ቀዳችልኝ።

ራዲያተሯ የምትፈልገው ሙሉውን ነው። የቀረውን ስድስት ቃል ከየት ላምጣ?